8 ጥማድ በጥቂት ሺህ ዶላር፦ ኮስቲላ ካውንቲ ለክፉ ቀን ይሆናል?

ስምንት_ጥማድ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ሳነብ እንጂ ስጽፍ አታውቁኝም። ዛሬ ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለቤትና ሁለት ልጆች አሉኝ። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በ2020 ኮቪድ የገባ ሰሞን የሱቁ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ያየሁ ቀን የሆነ ነገር ውስጤ ገባ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ቦልደር ካውንቲ ውስጥ በአንድ ቀን ከ1,000 በላይ ቤት ተቃጠለ። ጭሱን ከሥራ ቦታ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሩዝና ምስር በባልዲ እያሸግሁ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ደርግ ተመልሶ መጣ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ደቡብ ኮሎራዶ፣ ኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ ኮስቲላ የሚባል ካውንቲ አለ። 5 ኤከር መሬት በጥቂት ሺህ ዶላር ይሸጣል። አንድ ያረጀ ኮሮላ እንደ መግዛት ነው። 5 ኤከር 2 ሄክታር ነው፤ በኛ 8 ጥማድ ገደማ። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ይህን ያህል አላረሱም።

ሒሳቤን ልንገራችሁ። በ2020 ቆጠራ መላው ካውንቲ 3,499 ሰው ነው ያለው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ሰው ገደማ ማለት ነው። ከአውሮራ 4 ሰዓት ያህል ይነዳል፤ አንድ ታንክ ቤንዚን ያደርሰኛል። ዋናው ከተማ ሳን ሉዊስ 2,430 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ማለት እኮ ነው! ፀሐይ በሽ ነው። ግብሩ ትንሽ ነው። ውሃ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። ድንች፣ ገብስ፣ ጎመን፣ ጥቂት ፍየል፣ ዶሮ። ጤፍም እሞክራለሁ ብያለሁ። ከ10 ስምንት ሰጥቼዋለሁ።

ሻጩ «እስከ አርብ ካልወሰንክ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሎኛል። መሬቱን በአካል አላየሁትም፤ ቪዲዮ ልኮልኛል። ምን ትላላችሁ?

ሽሮ_በፓኬት

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ለነገሩ እዚያ ሳሩም የለም ይባላል።

ከሳሪስ

ካውንቲ ስትሉ ወረዳ ነው ወይስ ዞን? ደግሞ አሜሪካ ሆናችሁ ስለ ክፉ ቀን ካወራችሁ እኛ ምን እንበል?

ስምንት_ጥማድ

ወረዳ በለው። የራሱ ሸሪፍ፣ የራሱ ግብር ሰብሳቢ አለው። ክፉ ቀን ግን ቪዛ አይጠይቅም ወንድሜ። በአንድ ሳምንት የሽንት ቤት ወረቀት ሲጠፋ አይቻለሁ።

የአንኮበሩ

ልጄ፣ ከፍታውን ከአዲስ አበባ ጋር ማመሳሰልህ አሳቀኝም፣ አሳሰበኝም።

ያደግሁት አንኮበር አካባቢ ነው፤ ውርጭ አውቃለሁ። የኛ ውርጭ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊት ላይ ይመጣል፣ ባቄላውን ይለበልበዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የዚህኛው አይሄድም። እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ኮስቲላ ካለበት ከሳን ሉዊስ ሸለቆ ድንች ስጭን ኖሬያለሁ። አጠገብህ ያለችው የአላሞሳ ከተማ ጃንዋሪ ውስጥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መግባቱ ተራ ነገር ነው። ጃንዋሪ 28 ቀን 1948 ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ተመዝግቧል። እዚያ ናፍጣ ቀዝቅዞ እንደ ቅባት ሲረጋ በዓይኔ አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሳን ሉዊስ 37 ላይ። ከፍታው አንድ ነው፣ አየሩ ግን ምንና ምን። ውርጭ የማይመታበት ጊዜ 90 ቀን ገደማ ነው። ጁን መጀመሪያ አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ ይወርዳል፤ ሴፕቴምበር ሲገባ የመጀመሪያው ይመጣል። ጤፍህን እርሳው፤ ጤፍ ውርጭ አይችልም። ቲማቲምና ቃሪያ ያለ ላስቲክ ቤት አታስብ።

ገብስና ድንች ላይ ግን ልክ ነህ። ሸለቆው በድንች የታወቀ ነው፤ በኔ ጊዜ ገብሱን የቢራ ፋብሪካ ይወስደው ነበር። ባቄላም አለ፤ እነሱ «ሀባስ» ይሉታል። ሳን ሉዊስ ዳር እሸት ባቄላ አይቼ መኪና አቁሜ የወረድኩበት ቀን አለ። ሴትየዋ ምን ሆነ ብላ ደነገጠች።

አሁን ዝናቡን ስማ። አላሞሳ በዓመት የምታገኘው 180 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። 180 በረሃ ነው ልጄ። እዚያ የምታየው አረንጓዴ ሁሉ መስኖ ነው። ውሃ ሳይኖርህ 8 ጥማድ ብትገዛ የገዛኸው ተራራ የማየት መብት ነው።

ወረቀት_አንባቢ

ጋሼ ስለ ዝናቡ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር። የመሬትና የቤት ሽያጭ የሚዘጋበት ቢሮ ነው የምሠራው።

ወንድሜ፣ «ውሃ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ» ያልካት ሦስት ቃል ናት ስምንቷን የምታወርዳት። ኮሎራዶ ውስጥ ከመሬትህ ሥር ያለው ውሃ ያንተ አይደለም። ሕጉ ወንዝ ቀድሞ ለጠለፈ ቀድሞ ይድረሰው የሚል ነው። ሸለቆው ያለበት የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ተፋሰስ ውሃ ደግሞ ድሮ ተከፋፍሎ አልቋል። ከ35 ኤከር በታች በሆነ መሬት ላይ ጉድጓድ ቢፈቀድልህ እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥህ ፈቃድ «ለቤት ውስጥ ብቻ» የሚል ነው። መጠጣት፣ ማብሰል፣ መታጠብ፣ ሽንት ቤት፤ አለቀ። ጎመን ማጠጣት የለም። ፍየል ማጠጣት የለም። ዶሮም የለም።

35 ኤከርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው። ያኔ ለከብት ይፈቀዳል፣ እስከ 1 ኤከር ጓሮ ይፈቀዳል፣ አንድ ጉድጓድ እስከ 3 ቤት ያጠጣል። የኮሎራዶ የመሬት ማስታወቂያ ላይ 35 የምትባለው ቁጥር እየደጋገመች የምትመጣው ለዚህ ነው።

መሬቱ የተሸነሸነበትን ቀንም ጠይቅ። ከጁን 1 ቀን 1972 በፊት ነው ወይስ በኋላ? የጉድጓድ ሕጉ በዚያ ቀን ለሁለት ይከፈላል። አንተ የምታየው 5 ኤከር ብዙው በዚያው ሰሞን የተቆራረጠ ነው። የመጽሔቱ ባለቤት ማልኮም ፎርብስ በ1969 ትሪንቼራ የሚባለውን ሰፊ ራንች (የከብት እርባታ መሬት) ገዝቶ ከፊሉን በ5 ኤከር ሸንሽኖ ለመላው አሜሪካ ቸብችቦታል። መሬቱን አንድ ቀን ሳይረግጡት ለልጅ ልጅ ያወረሱ ሰዎች ወረቀት እጄ ላይ ገብቶ ያውቃል። ያንተም ሻጭ ከነሱ በርካሽ የሰበሰበ ሊሆን ይችላል።

ምን ዓይነት ዲድ (የመሬት ማስተላለፊያ ሰነድ) ነው የሚሰጥህ? ኪውትክሌም ከሆነ ትርጉሙ «መብት ካለኝ ሰጥቼሃለሁ፤ ከሌለኝ ራስህን ቻል» ነው። ሻጩ «መሬቱ የኔ ነው» ብሎ ዋስ የሚሆንበትን ዋራንቲ ዲድ ጠይቅ፤ ታይትል ኢንሹራንስም (የባለቤትነት መድን) ግዛ። ያልተከፈለ ግብር ካለ ካውንቲው ገንዘብ ቤት ደውለህ ማወቅ ትችላለህ፤ በነፃ ነው። ካርታ ላይ ያለ መንገድ ሁሉ መሬት ላይ እንደሌለም ልብ በል። ቪዲዮው ላይ የመሬቱን ጥግ የሚያሳይ ችካል አየህ?

ስምንት_ጥማድ

ወይ ጉድ። ችካል አላየሁም። ተራራው ነው ደጋግሞ የሚታየው።

የጣራ ውሃ ባጠራቅምስ? ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ሰው የሚያደርገው እሱን ነው።

ወረቀት_አንባቢ

ዩቲዩበሩ የሚኖረው ሚዙሪ ይሆናላ። ኮሎራዶ ለአንድ ቤት 2 በርሜል ነው የምትፈቅደው፣ በድምሩ 110 ጋሎን። እሱንም በ2016 ነው የፈቀደችው። የከተማ ውሃ ለማይደርሳቸው ቤቶች ሌላ ፈቃድ አለ፤ ግን የጉድጓድ ፈቃድህን ነው የሚከተለው። ጉድጓድህ ለቤት ውስጥ ብቻ ከሆነ የጣራውም ውሃ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው።

የአንኮበሩ

110 ጋሎን 416 ሊትር ነው። 10 በ10 ሜትር የሆነች የጎመን መደብ በዚያ ደረቅ አየር በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብትጠጣ 500 ሊትር ይሆናል። ሁለቱ በርሜሎችህ አንድ ቀን አያውሉህም።

ሸለቆ_ውስጥ

ይህን ክር ጓደኛዬ ነው የላከልኝ። ኮስቲላ ካውንቲ 5 ኤከር ላይ ስኖር 4ኛ ክረምቴ ነው። ክረምት ስል ዊንተር ማለቴ ነው፤ የኛን ክረምትማ ማን ባገኘው።

እኔም እንዳንተ በቪዲዮ ነው የገዛሁት። ሻጩ «መንገድ ዳር» ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስመጣ መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ጠፋ። ቀሪውን በስልክ ካርታ እየተመራሁ፣ ቁጥቋጦ እየጨፈለቅሁ ደረስኩ። የደረስኩበትም የሰው መሬት ሆኖ ተገኘ። ቀያሽ አምጥቼ ትክክለኛውን ቦታ አወቅሁ። የከፈልኩት የመሬቱን ሩብ ነው።

ጉድጓድ አላስቆፈርኩም። የቁፋሮው ዋጋ ከመሬቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ ስንት ሜትር ላይ ውሃ እንደምታገኝ ደግሞ ማንም አይምልልህም። ስለዚህ ውሃ እየገዛሁ አመላልሳለሁ። 275 ጋሎን የምትይዝ ነጭ ታንከር አለች አይደል፣ በብረት ፍርግርግ የታጠረችው? ሙሉ ስትሆን ከ1 ቶን በላይ ትመዝናለች። በመጀመሪያው ወር ሞልቼ ጫንኩና ፒክአፑ ባሌስትራው ተሰበረ። አሁን ግማሽ ብቻ ነው የምሞላው። ዊንተር ላይ ቫልቩ ይቀዘቅዛል፤ በፀጉር ማድረቂያ አሟሙቄ ነው የምከፍተው። በሳምንት ሁለቴ እሄዳለሁ። ነፃነት ፍለጋ መጥቼ ውሃ ቀጂ ሆኜ ቀረሁ።

ሶላር አሪፍ ነው፤ ፀሐዩ ከልብ ነው፣ ብርዱም ፓኔሉን አይጎዳውም። ባትሪው ላይ ነው ጉዱ። አዲሶቹ የሊቲየም ባትሪዎች ከዜሮ በታች ሲሆን ቻርጅ መደረግ የለባቸውም። እኔ ሳላውቅ ውጭ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ አበላሸኋቸው። አሁን አልጋዬ ሥር ናቸው።

ካራቫን አቁሞ ዝም ብሎ መኖርም የለም። የሴፕቲክ (የሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ፈቃድ ትጠየቃለህ። በ2015 በዚህ ጉዳይ ካውንቲውና ያለ መብራትና ውሃ መስመር የሚኖረው ሰው ክፉኛ ተጣልተው ነበር። «ሩቅ ነው፣ ማን ያየኛል» የምትለው ነገር አይሠራም። ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ቤት ከ10 ኪሎ ሜትር ይታያል።

አጥርም አለ። የሰው ላም ገብታ ጎመንህን ብትበላ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ በኮሎራዶ ሕግ ከብት የሚከለክለው ባለማሳው እንጂ ባለከብቱ አይደለም።

ማገዶ ደግሞ ማንም አይነግርህም። ሌላ ካውንቲ ቢሆን የመንግሥት ደን ገብተህ በትንሽ ክፍያ ትቆርጣለህ። ኮስቲላ ግን የመንግሥት መሬት የለውም ማለት ይቻላል። ከሞላ ጎደል ሁሉም የግል ነው፤ ኩሌብራ የሚባለው ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ እንኳ የግል ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ከፈለጋችሁ እጽፈዋለሁ።

ከሳሪስ

ጻፈው እንጂ! ተራራ የግል የሚሆነው እንዴት ነው?

ሸለቆ_ውስጥ

አገሩ ድሮ የሜክሲኮ ነበር። በ1840ዎቹ የሳንግሬ ዴ ክሪስቶ ግራንት የሚባል ሰፊ መሬት ለግለሰቦች ተሰጠ። ሰፋሪዎቹ በ1851 ሳን ሉዊስን መሠረቱ፤ ከኮሎራዶ ከተሞች በዕድሜ ታላቋ እሷ ናት። ባለመሬቱ ለሰፋሪዎቹ ቀጫጭንና ረጃጅም ማሳ ሰጣቸው። ተራራው ላይ ደግሞ ከብት የማሰማራት፣ ማገዶና የቤት እንጨት የመቁረጥ መብት ሰጣቸው። ርስት ማለት ነው በኛ። በ1960 ጃክ ቴይለር የሚባል የእንጨት ነጋዴ ተራራውን ገዝቶ በሩን ዘጋው። ሰዉ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ። በ2002 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መብቱን መለሰላቸው።

ግን መብቱ የዚያ የድሮ ማሳ ነው። ከኢንተርኔት 5 ኤከር ለገዛ እንደ እኔ ላለ ሰው አይደለም። እኔ ማገዶ በፒክአፕ እገዛለሁ።

የማታ_ሺፍት

ነርስ ነኝ፣ ዴንቨር። ስለ ጎመኑ ብዙ ተባለ፤ ስለ ሰውስ?

አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ ወንድሜ። ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ? የሸለቆው ትልቁ ሆስፒታል አላሞሳ ነው፤ ከሳን ሉዊስ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያንተ መሬት ደግሞ ከአስፋልቱ ምን ያህል ይርቃል? አምቡላንሱ በረዶ ላይ ያንን የጠፋ መንገድ እንዴት ያገኘዋል? እኛ አገር በቃሬዛ ተሸክሞ የሚሮጥ ጎረቤት አለ። ባዶ ሜዳ ላይ የሚሸከምህ የለም።

ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከቀዘቀዘ ይበላሻል። ስለዚህ ችግሩ ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ እንዳይረጋ ማድረግም ነው። ጉድጓድ ካስቆፈርክ ደግሞ አርሴኒክ አስመርምር። በሸለቆው አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ አለ። አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይከማቻል።

ስምንት_ጥማድ

እናቴ ስኳር አለባት። ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። እውነቱን ለመናገር ሒሳቤ ውስጥ አላስገባኋትም ነበር።

ብቻዬን_ሰፈር

ሁላችሁም ሰውዬውን አስፈራራችሁት። ሆምስቴዲንግ (መሬት ላይ ሰፍሮ የራስን ምግብ እያመረቱ መኖር) እና ለክፉ ቀን መዘጋጀት አንድ አይደለም። ጎመን ለመትከል ከሆነ ልክ ናችሁ፣ ኮስቲላ አይሆንም። ለመሸሸጊያ ግን የሚመዘነው በሌላ ነው። የኮሎራዶ የኑክሌር ሚሳይል ጉድጓዶች ሰሜን ምሥራቅ ናቸው፤ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ኮስቲላ ደቡብ ላይ ነው። ሰው የለም። ተራራው ግንብ ነው። የአንድ ዓመት ምግብና ውሃ ቀብረህ ቆልፈህ ትመጣለህ። ክፉ ቀን ሲመጣ ትሄዳለህ። በቃ።

ሸለቆ_ውስጥ

ወንድም፣ ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ቆልፈህ ብትመጣ በስድስት ወር ስትመለስ ቁልፉ ብቻ ነው የሚጠብቅህ። ሰው የለም ስትል ዘበኛም የለም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ እንዴት ነው የምትደርሰው? ከአውሮራ በኢንተርስቴት 25 ወርደህ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስን አልፈህ ነው የምትመጣው። ቼየን ተራራ ሥር ያለውን የአየር መከላከያ ማዘዣ ረሳኸው? ከሚሳይል ሸሽተህ በሚሳይል ኢላማ በኩል ነው የምታልፈው። ቀጥሎ ዋልሰንበርግ ላይ ወደ ሀይዌይ 160 ትታጠፍና ላ ቪታ ፓስን ትወጣለህ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። በረዶ ሲጥል ይዘጋል። እሳት ሲነሳም ይዘጋል። ጁን 27 ቀን 2018 ፎርት ጋርላንድ አጠገብ የተነሳው የስፕሪንግ ክሪክ እሳት 108,000 ኤከር ፈጅቶ ከ140 በላይ ቤት አቃጥሏል። 160ም ተዘግቶ ነበር። ያ እሳት የተነሳው ኮስቲላ ውስጥ ነው፤ መሸሸጊያ ባልከው ቦታ።

አንድ ልጨምር። ባለፈው ጃንዋሪ ማሞቂያዬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጠፋ። ውጭው ከዜሮ በታች 27 ነበር። የደወልኩት 6 ኪሎ ሜትር ርቀው ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ስፓኒሽ እንጂ እንግሊዝኛቸው እንደኔው ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ እንጨት ጭነው መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ጠዋት ግን «ሚያዝያ ላይ ቦዩን ስናጸዳ አካፋ ይዘህ ና» አሉኝ።

የአንኮበሩ

ቦዩን አልክ? ስለሱ ንገራቸው እንጂ! ዋናው እኮ እሱ ነው።

ሸለቆ_ውስጥ

አሴኪያ ይሉታል። የሳን ሉዊስ የሕዝብ ቦይ የውሃ መብቱ የ1852 ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ከሱ የሚቀድም የለም። ቀድሞ የጠለፈ ይቅደም ካላችሁ፣ የቀደሙት እነሱ ናቸው። በየጸደዩ ውሃ ተጠቃሚው ሁሉ ይወጣና ቦዩን ይጠርጋል። ያልወጣ ሰው ይልካል ወይ ይከፍላል። ውሃውን የሚያከፋፍል የተመረጠ ሰው አለ፣ ማዮርዶሞ ይባላል። ዛሬ ለማን፣ ስንት ሰዓት የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሲጎድል ለሁሉም ይጎድላል።

የአንኮበሩ

የውሃ አባት! ልክ የኛ የውሃ አባት። የውሃ አባታችን ፀሐይዋን አይቶ «ያንተ አበቃ» ካለ አበቃ ነው፤ ባለ ብዙ መሬት ነኝ ብሎ የሚከራከር የለም። ቦይ ጠረጋው ደግሞ ደቦ ነው።

ልጄ፣ ካውንቲ ለመመዘን የሄድክበት መንገድ ተገልብጧል። ሰው ያነሰበትን ነው የፈለግኸው። እዚያ ካውንቲ ውስጥ 170 ዓመት የቆየው ግን ሰው ተሰባስቦ የያዘው ቦይ ዳር ያለው ነው። በ1970ዎቹ በ5 ኤከር የተቆራረጠው ሜዳ አሁንም ሜዳ ነው። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፤ ጡረተኛ ነኝ። ከፈለግህ አብረን እንሂድ፣ ሳትገዛ እየው።

ስምንት_ጥማድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንሂድ።

ስምንት_ጥማድ

ሄደን መጣን። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ማታ 4 ሰዓት ቤት ገባን።

መሬቱን አገኘነው፤ ማለት ስልኬ አገኘው። ችካል የለም። መንገዱ ከ2 ኪሎ ሜትር በፊት አሸዋ ሆኖ ቀረ። ብላንካ ተራራ ግን... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቪዲዮው አልዋሸም። በረዶ ለብሶ ከሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሁሉንም ምክራችሁን ረስቼ «እገዛዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ነፋሱ መጣ። የመኪናውን በር ስከፍት ከእጄ ሊነጥቀው ምንም አልቀረውም። ጋሼ መሬቱን በእጃቸው ቆፈር ቆፈር አደረጉና ቆመው «ደርቆ የሞተ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ከዚያ ሳን ሉዊስ ገባን። ሸለቆ_ውስጥ መጥቶ ተቀበለን፤ ያን ሽማግሌም አገኘናቸው። ጋሼና ሽማግሌው በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በአካፋና በጣት ስለ ቦይ አወሩ። ስንለያይ ሽማግሌው በወረቀት ከረጢት የባቄላ ዘር ሰጡን። ቦይ ዳር የሚሸጥ መሬት አለ ወይ ብዬ በሸለቆ_ውስጥ በኩል አስጠየቅሁ። ሳቁ። «ሰው ሲሞት፣ እሱም ልጆቹ ካልፈለጉ» አሉ።

ሻጩ «እስከ አርብ» ያለው መሬት ዛሬም ማስታወቂያው ላይ አለ፤ 500 ዶላር ቀንሷል።

አልገዛሁም። ከስምንት ወደ ሦስት አውርጄዋለሁ። ሦስቱም ለተራራው ነው። ግን መንገድ ላይ ጋሼ አንድ ሐሳብ አነሱ። አንድ 35 ኤከር፣ አስፋልት አጠገብ የሆነ፣ ከአላሞሳ የማይርቅ፣ በኛ እቁብ ብንገዛስ? አንድ ጉድጓድ እስከ 3 ቤት ያጠጣል ተብሏል። 1 ኤከር ጓሮ ደግሞ 1 ጥማድ ተኩል ይሆናል፤ ለሦስት ቤተሰብ ድንችና ባቄላ አያንስም። ወረቀት_አንባቢ፣ እህቴ፣ ይሄ ይሆናል?

ወረቀት_አንባቢ

ይሆናል፤ ግን ቀስ በሉ። የጉድጓዱ ፈቃድ 3 ቤት ቢልም ካውንቲው በአንድ መሬት ላይ ስንት ቤት እንደሚፈቅድ ለብቻው ጠይቁ። ሁለቱ የተለያየ ቢሮ ናቸው። ጉድጓዱን ሳታስቆፍሩ፣ በዙሪያው ያሉትን ጉድጓዶች ጥልቀት ተመልከቱ፤ የስቴቱ የውሃ ቢሮ መዝገቡን በካርታ አስቀምጦታል፣ ማንም ያየዋል። ደግሞ መሬቱን በሦስት ሰው ስም ዝም ብላችሁ እንዳታስገቡ። አንዱ ቢፋታ፣ አንዱ ቢሞት፣ አንዱ መሸጥ ቢፈልግ ምን ይሆናል የሚለውን ቀድማችሁ ጻፉ። በጓደኛሞች የተገዛ መሬት ሲጣሉበት በየወሩ አያለሁ።

የማታ_ሺፍት

እናትህንስ ጠየቅሃት?

ስምንት_ጥማድ

ጠየቅኋት። «ባቄላው ይበቅል እንደሆነ መጀመሪያ በረንዳ ላይ እንየው» አለች። ትናንት ዘፈዘፈችው።

ሽሮ_በፓኬት

ሁለት ቤተሰብ ቆጠርኩ። ሦስተኛው ቤት ተይዟል?

የአንኮበሩ

ባሌስትራ የማይሰብር መኪና አለህ?

ሽሮ_በፓኬት

ፕሪየስ ናት ጋሼ። ግን አካፋ አለኝ።